ሰርቨሩን ጣሉት የተባሉት ሰባት ጥያቄዎች

ሲ ቲጃኒ፣ ሲ እኛ ዘንድ አቶ እንደማለት ነው፣ በሕይወታቸው አንድም ሰው ሳያርሙ የዋሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ቶዘር ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ወደ መንደራችን ወደ ዑዩን ሰልማ ተመለሱና የአባታቸውን የቴምር ማሳ ያዙ። ባለሱቁን ሚዛን ላይ ያርሙታል፤ ኢማሙ በስብከት መሀል ቁጥር ከሳቱ ከኋላ ድምፃቸው ይሰማል፤ እኔንማ ሰላምታዬን ሳይቀር አርመውኛል። ማብሩካ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማሳዬን የማለማው ራሴ ነኝ፤ የእኔና የሲ ቲጃኒ ማሳ የሚለየው ደግሞ አንድ የአፈር መከለያ ብቻ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ያላየሁትን ኋላ የምታገኟት ኦልፋ ራሷ ነግራኛለች።

እኛ ዘንድ ውኃ በተራ ነው። ጉድጓዱ የገበሬ ማኅበራችን ነው፣ ሞተሩም የማኅበሩ ነው፤ ተራው የደረሰ ሰው የማሳው መዝጊያ ይከፈትለትና ያጠጣል። ድሮ ተራ የሚያዘው ማኅበሩ በር ላይ በሰልፍና በጭቅጭቅ ነበር። ሊቀመንበራችን ላዝሃር ጭቅጭቁ ሲመረው ከዋና ከተማው አንድ ኩባንያ አመጣና በስልክ ተራ የምንይዝበት ነገር አሠራልን። እሑድ ጠዋት ይከፈታል። ስልክህን ታወጣለህ፣ ማሳህን ትነካለህ፣ ሰዓት ትመርጣለህ። የመረጥከው ሰዓት ሲደርስ የቦዩ መዝጊያ በኤሌክትሪክ ራሱ ይከፈታል። ያልያዘ ሰው ቢለምንም ቢያለቅስም አይከፈትለትም።

"ከእንግዲህ ማንም ማንንም አይገፋም" አለን ላዝሃር። እውነቱን ነው፤ ሰው መገፋፋቱን ትቶ ስልኩን መደብደብ ጀመረ።

በእኛ መንገድ ላይ ሰባት ማሳ አለ። ከሰባቱ ባለቤቶች መካከል ከዚህ ነገር ጋር የሚግባቡት ሲ ቲጃኒ ብቻ ነበሩ። እሑድ በመጣ ቁጥር ስድስታችን በራቸው ላይ ቆመን "የኔንም ይያዙልኝ" ስንላቸው ሰለቻቸው። እናም ኮምፒውተራቸው ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ሥራዋ ሌላ አይደለም፤ በየደቂቃው "የማብሩካ ተራ ተከፈተ? የጎረቤቷስ?" እያለች ሰባት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሲከፈት ለሁላችንም ትይዝልናለች። እኛም መንገዱ ላይ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን። እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት በሰላም ኖርን።

ነገሩ የመጣው በነሐሴ ነው። ነሐሴ ማለት ቴምሩ ውስጡን የሚሞላበት፣ ዛፉ እግሩ እሳት ራሱም እሳት ውስጥ ሆኖ ውኃ ብቻ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት መተግበሪያውን የከፈተ ሰው ሁሉ ነጭ ገጽ አየ። ባዶ ነጭ። ዘግቶ ከፈተው፤ ነጭ ነው። የኔ ስልክ ተበላሸ እንዴ ብሎ የጎረቤቱን ተዋሰ፤ ያም ነጭ ነው። እስከ ቀትር ማኅበሩ በር ላይ መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሞተሩ አለ፣ ውኃው ከመሬት በታች አለ፣ ግን ተራ የያዘ ሰው ስለሌለ አንድም መዝጊያ አልተከፈተም። ላዝሃር በእጅ እንዲከፍት ብንለምነው ቁልፉ የኩባንያው ነው አለ። የሳምንቱ እኩሌታ እንዲሁ ሄደ። የእኔ ዛፎች ቅጠል ሲጨማደድ እያየሁ ባዶ ቦይ ዳር ቆሜ ዋልኩ።

ከዚያ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ መጣ። ስሙ ራኡፍ ነው፤ ነጭ መኪና፣ ነጭ ሸሚዝ፣ በዚያ ሙቀት አንድ ጠብታ ላብ የለበትም። አብራው አንዲት ቀጭን ሴት መጣች፤ ላፕቶፕ አቅፋለች፤ የማሽኑ ኃላፊ ናት ተባለ። ኦልፋ እሷ ናት። ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን።

"ወገኖቼ" አለ ራኡፍ "የደረሰባችሁ ብልሽት አይደለም። ጥቃት ነው።"

"ከውጭ አገር ነው?" አለ ላዝሃር፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ቢጤ ነበር።

"አይ። ከዚሁ ከመንደራችሁ። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን መተግበሪያው በሚሠራበት ማሽን፣ በሰርቨሩ ላይ ለቆ ሳያቋርጥ ሲደበድበው ነበር። ስሙን እናውቀዋለን። እዚሁ ተቀምጧል።"

ሁሉም ዞሮ ሲ ቲጃኒን አየ። በመንደሩ ኮምፒውተር የሚነካ ሌላ ማን አለ?

ሲ ቲጃኒ ሳቁ። ቀዩን ቆብ፣ ሸሺያቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን አከክ አድርገው፣ መልሰው ደፉት።

"ሰባት ጥያቄ በደቂቃ ነው የምጠይቀው" አሉ። "ሰባት! እኔ አርባ ተማሪ በአንዴ ሲጮህብኝ ቆሜ አስተምሬያለሁ። ያንተ ማሽን በሰባት ጥያቄ ከወደቀ፣ ችግሩ ጠያቂው ነው ወይስ ተጠያቂው?"

ሰው ሳቀ። ራኡፍ አልሳቀም። "አጎቴ፣ ይሄ የሂሳብ ክፍል አይደለም" አለ።

"አለመሆኑን አያለሁ። ቢሆን ዜሮ ሰጥቼህ አስወጣህ ነበር።" ከዚያ ወደ ኦልፋ ዞሩ። "ልጄ፣ ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰባት ጥያቄ ይጥለዋል?"

ኦልፋ አፏን ከፈተች። ራኡፍ ቀደማት። "እሷ የመጣችው ማሽኑን ለማየት ነው እንጂ ለመመስከር አይደለም።" እሷም አንገቷን ደፋች።

የቀረበው ነገር ይሄ ነው፤ ሲ ቲጃኒ ጥፋቱን አምነው ይፈርማሉ፣ እስከ ቴምር ለቀማ ድረስ ውኃ አያገኙም፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ካልፈረሙ ኩባንያው ይከሳል። ላዝሃር ብዕር አቀረበላቸው።

"ሲ ቲጃኒ፣ ይፈርሙና ነገሩ ይለቅልን። ሽማግሌ ኖት።"

"ሽማግሌነቴን መቼ ካድኩ? የካድኩት አጥቂነቴን ነው።"

"አንድ ወቅት ነው እኮ!"

"ላዝሃር፣ አንድ ቀንም ቢሆን አልፈርምም። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ከምፈርም ዛፎቼ ቆመው ይድረቁ።" ብዕሩን አንስተው ላዝሃር የደረት ኪስ ውስጥ ሰኩለትና ወጡ።

በዚያ ቀን ራኡፍ ላዝሃር ቤት ምሳ ሲበላ፣ ኦልፋ ብቻዋን በእኛ መንገድ ወረደች። የመዝጊያዎቹን የኤሌክትሪክ ሳጥን ልታይ ነው። እኔ ቦዩ ዳር ነበርኩ። ውኃ ስጪኝ አለችኝ፤ ሰጠኋት። ስትጠጣ ጠበቅኩና ጠየቅኋት።

"ሰባት ጥያቄ ይጥለዋል?"

"አይጥለውም" አለች ወደ ብርጭቆው እያየች።

"ታዲያ አፍ የለሽም?"

"ሥራ ነዋ፣ ላላ" አለችኝ፤ ላላ እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው።

"እኛስ ሥራችን ምን ይመስልሻል? ዛፍ ሲደርቅ ማየት?"

ብርጭቆውን መለሰችልኝ። ስልክ ቁጥሬን አስያዝኋት፤ የእሷንም ተቀበልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር።

በማግስቱ የዘብ ጣቢያው ፖሊሶች መጥተው የሲ ቲጃኒን ኮምፒውተር ወሰዱ። ማኅበሩ ደግሞ የማሳቸውን መዝጊያ ከመተግበሪያው ላይ አጠፋው። በሚቀጥለው እሑድ መተግበሪያው እንደ ቅቤ ሠራ። ማንም አልተቸገረም፣ ማንም ነጭ ገጽ አላየም። ላዝሃር በመንደሩ እየዞረ "አያችሁ? ኮምፒውተሩ ሲያዝ ሰላም ሆነ" አለ። ሰዎች ሲ ቲጃኒ ሲያልፉ ሰላምታ ማሳጠር ጀመሩ። አንዷማ በራቸው ፊት ስታልፍ ምራቋን ተፋች፤ የእሷ ልጅ በነጻ ሂሳብ የተማረው እሳቸው ቤት ነው።

እኔም ብሆን ተጠራጠርኩ። ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው፤ "ሲ ቲጃኒ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያች ፕሮግራም ከሰባት በላይ አልጠየቀችም?"

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ዱላቸውን አንስተው አሸዋው ላይ ሂሳቡን ጻፉልኝ፤ የመንደሩ ሰው ስንት ስልክ እንዳለው፣ ጠዋት ሁሉም በአንዴ ሲከፍት ስንት ጥያቄ እንደሚሆን፣ የእሳቸው ሰባት ከዚያ ውስጥ ምን ያህሏ እንደሆነች። እውነቱን ለመናገር ሂሳቡ መሀል ላይ ጠፋኝ። እሳቸው ግን አንድ ቁጥር እንኳ ሳይሰርዙ ጨረሱ። ቀና ስል ከኋላቸው ያሉት ዴግላ የሚባሉት የቴምር ዛፎች ዘለላቸው ተሸብሽቦ አየሁ።

የእኔ ተራ የደረሰው በቀን ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ። መዝጊያዬ ተከፈተ፣ ውኃው መጣ። ዶማዬን አነሳሁና በእኔና በእሳቸው ማሳ መካከል ያለውን የአፈር መከለያ ናድኩት። ውኃው ትንሽ አመነታና ወደዚያ ማዶ ሄደ። አንድ ሰው ለላዝሃር ደውሎለት ኖሮ በሞተር ሳይክሉ እየጋለበ መጣ።

"ማብሩካ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያጠጣሁ።"

"የማንን?"

"ዓይን የለህም እንዴ?"

"የተከለከለ ነው! እሳቸው ታግደዋል!"

"እሳቸው ታግደው ይሆናል። ውኃው የኔ ተራ ነው። ብፈልግ ቴምር አጠጣበታለሁ፣ ብፈልግ መንገድ ላይ ደፍቼ እግሬን እታጠብበታለሁ።"

"ተራሽን አጠፋዋለሁ!"

"አጥፋው። ከዛ ማን ይቀርሃል? ስልክህን ብቻህን ታጠጣለህ?"

በሳምንቱ መጨረሻ በመንገዳችን ላይ ያሉት ሁሉ መከለያቸውን እየናዱ ውኃ ወደ ሲ ቲጃኒ ማሳ ይለቁ ጀመር። ከመካከላቸው ሲ ቲጃኒን ጨርሶ የማይወዱ ነበሩ፤ ላዝሃርን ግን ይበልጥ አይወዱም። ላዝሃር ስድስታችንንም አግዳለሁ አለ። እኛም በማኅበሩ ደንብ መሠረት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ አልን። በሚመጣው እሑድ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተባለ።

ያኔ ነው ለኦልፋ የደወልኩት። ልሰድባት ነበር የደወልኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

"ተኝተሽ ታድሪያለሽ?" አልኳት። "ሽማግሌውን አጥቂ አደረጋችሁት። ኮምፒውተሩ ሲያዝ ሰርቨሩ ደህና ሆነ እያሉ መንደሩን አሳመኑ። ጉባኤውም ይሄንኑ ሊሰማ ነው።"

አቋረጠችኝ።

"እንደዛ ይላሉ?" አለች። "ኮምፒውተሩ ስለተያዘ?"

"አዎ።"

"ላላ ማብሩካ፣ ደህና የሆነው እኔ ስላስተካከልኩት ነው።"

እኔ በሚገባኝ ቋንቋ እንድታስረዳኝ አደረግኋት። ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚሠራው በአንድ የተጠቃሚ ስም ሥር ነው አለችኝ። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ስም ገደብ አለው፤ በአንድ ጊዜ ይሄን ያህል ሥራ ብቻ ትጀምራለህ፣ ከዚያ በላይ የለም ይላል። ገደቡ ክፉ ነገር አይደለም፤ አንዱ ሲያብድ ሌላውን እንዳይበላ የተሠራ ነው።

"ግን ሲ ራኡፍ የእናንተን ውኃና የሰርግ አዳራሾችን ቦታ ማስያዣ በአንድ ስም ነው ያስቀመጣቸው" አለች። "ገደቡን ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ማሽኑ ሲገዛ እንደነበረው ነው። ይለዩ ብዬ ጽፌለት ነበር።"

"የምን ሰርግ?"

"የሰርግ አዳራሽ ነዋ። ከሱስ ከተማ እስከ ማህዲያ ከተማ ያሉት አዳራሾች። ነሐሴ ነው፣ ሰው ሁሉ ይጋባል። እነሱ ድርሻውን ጨርሰውት ነበር። እናንተ ስትመጡ ማሽኑ ሌላ ሥራ መጀመር አልችልም አለ። ነጩ ገጽ እሱ ነው።"

ሁለት ማሳ በአንድ መዝጊያ ይጠጣ እንደማለት ነው። ይሄማ እኛ ዘንድ የአምስት ዓመት ልጅም የሚገባው ነገር ነው።

"ስለዚህ ውኃችንን የጠጡት ሙሽሮች ናቸው?"

ኦልፋ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። "ከመንደራችሁ በተመለስን ማግስት ገደቡን በጸጥታ ከፍ አድርጊው አለኝ። አደረግሁት። ያስተካከልኩት ችግሩን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በእኔ እጅ ማስረጃ ሠራ።" ቀጥላም "ጉባኤው እሑድ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

እሑድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ላዝሃር ከፊት ጠረጴዛ አስቀምጧል፤ ራኡፍ በቀኙ፣ የዘብ ጣቢያው አዛዥ በግራው። ሲ ቲጃኒ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ደጋሽ እንጂ ተከሳሽ በማይመስል አቀማመጥ ተቀምጠዋል። ራኡፍ ንግግሩን ጀምሮ "ኮምፒውተሩ ከተያዘ ወዲህ አንድም ችግር አልታየም" ሲል፣ ኦልፋ በግቢው በር ገባች። ሌሊቱን ሉዋዥ በምንለው የጋራ ታክሲ ተሳፍራ ነው የመጣችው፤ ሻንጣዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ላይ የመቀመጫ ጨርቅ መስመር ታትሟል።

ራኡፍ ንግግሩን አቋረጠ። "አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? አሞኛል ብለሽ ፈቃድ ወስደሽ የለም እንዴ?"

"ተሽሎኛል" አለች።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ላፕቶፗን በራኡፍና በአዛዡ መካከል አስቀመጠችው። ራኡፍ እጇን ሊይዝ ሲል አዛዡ "ቆይ፣ ትናገር" አለው። አዛዡ ወጣት ነው፤ ጉዳዩ ከጀመረ ጀምሮ የገባው ነገር እንደሌለ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ኦልፋ ለእኔ በስልክ የነገረችኝን ለሁሉም ነገረቻቸው። ድምፏ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ነበር፤ ሰርጉ ጋ ስትደርስ ግን ጠነከረ። "ማሽኑ ራሱ የጻፈውን ላሳያችሁ እችላለሁ" አለች። "ግን ሲ ራኡፍ እሷ ናት የጻፈችው ይላችኋል። ስለዚህ በዓይናችሁ እዩት። አዛዥ፣ የሲ ቲጃኒ ኮምፒውተር የት ነው?"

"ጣቢያ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት።" ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየ።

ሲ ቲጃኒ ተነስተው ስልካቸውንም አዛዡ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን አየር ላይ ዘረጉ፤ ምንም የለም ለማለት።

"አሁን ገደቡን ያን እሑድ እንደነበረው እመልሰዋለሁ" አለች ኦልፋ። "ሌላ ምንም አልነካም። ሲ ራኡፍ እውነታቸውን ከሆነ፣ አጥቂው እጁ ባዶ ስለሆነ ምንም አይፈጠርም። እኔ እውነቴን ከሆነ ገጹ ነጭ ይሆናል። ከዛ መልሼ እከፍተዋለሁ። ግን ዛሬ ተራ የምትይዙበት ቀን ነው፤ ውኃው የእናንተ ስለሆነ ሳላስፈቅድ አልነካውም።"

"የኩባንያ ንብረት ነው!" ራኡፍ ብድግ አለ። "ብትነኪው እከስሻለሁ! እስር ቤት ነው የምትገቢው!"

"ይክሰሱኝ" አለች። "እስከዛው ግን ሰዎቹ ይወስኑ።"

ላዝሃር "ይሄ በአጀንዳው የለም" ማለት ጀመረ። እኔ ተነሳሁ።

"ግማሽ ሳምንት ውኃ ስናጣ በአጀንዳ ነበር እንዴ?" አልኩት። "የምትፈቅዱ እጃችሁን አውጡ!"

መጀመሪያ የእኛ መንገድ እጆች ወጡ። ከዚያ ከኋላ አንድ፣ ከመስጊዱ በኩል ሁለት፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ እጅ ሆነ። ያች በሲ ቲጃኒ በር ላይ የተፋችው ሴትም እጇን አወጣች፤ ወደ እሳቸው ግን አላየችም።

ኦልፋ ጎንበስ ብላ ጥቂት ነገር ጻፈች። "ክፈቱ" አለች።

መንደሩ በሙሉ ስልኩን አወጣ። ፊት ያሉት "ለኔ ከፍቶልኛል" አሉ። ራኡፍ ክንዱን አጣምሮ ፈገግ አለ። ላዝሃርም ፈገግ አለ። ኦልፋ ቀና አላለችም፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

"ነጭ ነው!" አለች ከኋላ አንዲት ልጅ የያዘች ሴት።

"የኔም!"

"ነጭ!"

"ነጭ ነው፣ ነጭ!" ከዳር እስከ ዳር ተስተጋባ። ያን እሑድ የተለቀሰበት ነገር ዛሬ በእልልታ ተቀበልነው።

በዚህ መሀል የራኡፍ ስልክ ጮኸ። አጠፋው። ደግሞ ጮኸ። አጠፋው። ሦስተኛ ሲጮህ ሲ ቲጃኒ "አንሳው እንጂ፣ ሰው ይደውላል፣ ነውር አይደለም?" አሉ። ራኡፍ አላነሳም። አዛዡ እጁን ዘረጋ። "አንሳው። ድምፁንም ክፈተው።"

የሴት ድምፅ ግቢውን ሞላው። "ሲ ራኡፍ! ገጹ እንደገና ነጭ ሆነብን እኮ! ሁለት ቤተሰብ ቢሮዬ ውስጥ ቆሞ ቀን ቁረጪልን እያለኝ ነው! ባለፈው እንደዚሁ ሆኖ አስተካክለናል አላላችሁም? አዳራሹን ዘግቼ ልሂድ?"

እንደዚያን ዕለት ያለ ሳቅ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌዎች ግድግዳ ይዘው ሳቁ። አዛዡ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። "ሙሽሮቹ መጡ!" እያለ አንዱ ያጨበጭባል። ሴትዮዋ "ማን ነው የሚስቀው?" ስትል ራኡፍ ስልኩን ዘጋ።

ኦልፋ ብቻ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ትሠራ ነበር። ውኃውን ከሰርጉ ለይታ የራሱ ስም፣ የራሱ ገደብ ሰጠችው። "አሁን ክፈቱ" አለች። ተከፈተ። ያን ጊዜ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ፤ ጉባኤተኛው ሁሉ ስብሰባውን ረስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ተራውን ሊይዝ ተሯሯጠ። ላዝሃር ራሱ ጠረጴዛው ሥር ስልኩን ሲነካካ አይቼዋለሁ።

ሲ ቲጃኒ ብቻ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ እንደሆነ ወደ ኦልፋ ቀረቡ። ደስ ያለው ሰው ምን ይላል? አመሰግናለሁ ይላል። እሳቸው "ገደቡ ስንት ነበር?" አሏት።

"አንድ ሺህ ሃያ አራት።"

"ሁለት አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ" አሉ፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። "ያን ቀን ዝም አልሽ።"

"አዎ ሲ ቲጃኒ።"

"ዛሬ አላልሽም።"

ራኡፍ ወደ መኪናው ሲሄድ ዞር ብሎ "ተባረሻል!" አላት።

"በጽሑፍ ይላኩልኝ" አለችው።

በጽሑፍ ላከላት። ክሱንም አስከተለ፤ ወራት ሙሉ ጠበቃ ለጠበቃ ሲጻጻፉ ቆይተው፣ የሰርግ አዳራሾቹ ኩባንያውን ራሱን ሲከሱት የእሷ ጉዳይ ተረሳ። በዚያ ዕለት እኔ ቤት በበግ ሥጋ የተሠራ ኩስኩስ በልታ፣ ጥላ ሥር ትንሽ ሸለብ አድርጓት፣ ከሰዓት በኋላ በሉዋዥ ተመለሰች። ዛሬ ስፋክስ ከተማ ውስጥ ትሠራለች። የመጀመሪያ ቀን "በአንድ ስም የተቀመጠ ነገር አላችሁ ወይ?" ብላ ስትጠይቅ አዲሱ አለቃዋ ደነገጠ ብላ በስልክ አስቃኛለች።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። የሲ ቲጃኒ ዳር ያሉ ዛፎች ያን ዓመት ፍሬያቸውን አረገፉ፤ እኛ የለቀቅንላቸው ውኃ እነሱ ጋ አልደረሰም። ካሳ የሚባል ነገር አልተከፈላቸውም። ጣቢያው ኮምፒውተሩን ሊመልስ ሲጠራቸው "በይቅርታ ተመልሶለታል" የሚል ቃል ላይ ይፈርሙ አላቸው። "ይቅር ያለው ማን ነው? ይቅር የተባለውስ?" ብለው ጥለውት መጡ። ኮምፒውተሩ ቴምር ተለቅሞ እስኪያልቅ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። አዛዡ በመጨረሻ ያን ቃል ሰርዞ "ተመልሶለታል" ብቻ ብሎ ራሱ ቤታቸው ድረስ ይዞላቸው መጣ።

ላዝሃር እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም። ስድስታችንን የማገዱን ነገር ዝም ብሎ ተወው፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሞተር ሳይክሉን ያፈጥናል። በማኅበሩ ምርጫ ጊዜ ለሊቀመንበርነት ከእሱ ጋር ተወዳደርኩ። ሴት ውኃ ታስተዳድራለች ወይ ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። ተሸነፍኩ፤ ግን በጥቂት ድምፅ ነው፣ ላዝሃርም ቆጠራው እስኪያልቅ ሁለት ጊዜ ውኃ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። በሚመጣው ምርጫ እንደገና እወዳደራለሁ። ነግሬዋለሁ፤ በሰው ፊት ነው የነገርኩት።